የዳቦ ቆሎዋ መምህርት

የዘሐራን ሞት የሰማሁት ከቴሌግራም ነው። የድሮ የቢቸና ተማሪዎቻችን በከፈቱት ግሩፕ ላይ አንዱ «እንግሊዝኛ ያስተማሩን ቲቸር ዘሐራ ትናንት ሞጣ ላይ አርፈዋል» ብሎ ለጠፈ። ከሥሩ የሚያለቅሱ ፊቶችና የተጋጠሙ እጆች ተደረደሩ። በመካከል አንዱ «የዳቦ ቆሎዋ?» ብሎ ጠየቀ። ሌላው የሚስቅ ፊት መለሰለት።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት። አነሣሁት፤ መልሼ ጣልኩት። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ያልታረመ ፈተና ከፊቴ ተከምሯል። እስከ በሩ ሄጄ ተመለስኩ፤ እንደገና ሄድኩ። የሒሳቡ መምህር «ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?» አለኝ። «ሰው ሞተብኝ» አልኩት። ማን ናት ቢለኝ ኖሮ የምመልሰው አልነበረኝም፤ ምክንያቱም እዚህ ቢቸና ዘሐራ ማለት ያቺ አንድ ቦርሳ ዳቦ ቆሎ ብቻ ሆና ቀርታለች። ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ሞቷ አሳዘነኝ፤ ይሄኛው ግን አናደደኝ።

ዘሐራ የሞጣ ልጅ ናት። አባቷ ሞጣ ገበያ ላይ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ፣ የከተማው ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ነጋዴ ነበሩ። እሷ ቢቸና ስትመደብ እኔ እዚያው ትምህርት ቤት ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ቆይቼ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ወንበር ስስብላት «ተወው፣ ቁጭ ካልኩ ያዞረኛል» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ቀልድ አልነበረም። በዴስኮቹ መካከል ወዲያ ወዲህ እያለች ታስተምራለች፤ ሻይ ቆማ ትጠጣለች፤ ስብሰባ ላይ መስኮቱን ተደግፋ ትቆማለች። የሻርፗ ጫፍ ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ ነው፤ ዳስተር እስኪፈለግ መጠበቅ ስለማይሆንላት ሰሌዳውን በሻርፗ ትጠርገዋለች።

ደግሞ «ከዚያስ?» የምትለው ነገር አላት። ተማሪ ተነሥቶ ሲመልስና አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ሊቀመጥ ሲል፣ «ከዚያስ?» ትለዋለች። ልጁ ይጨምራል። «ከዚያስ?» እንደገና ይጨምራል። ርእሰ መምህሩ ስብሰባ ላይ «የተማሪዎች ሥነ ምግባር አሽቆልቁሏል» ብለው በረጅሙ ሲተነፍሱ፣ ከመስኮቱ በኩል «ከዚያስ?» የሚል ድምፅ ይመጣል። ሰውዬው ይህን ቃል እንደ ጉንፋን ይፈሩት ነበር። እኔም አልቀረልኝም። አከራዬ ውኃ ዘጋብኝ ብዬ ሳማርር «ከዚያስ?» አለችኝ። «ከዚያማ ምን ላድርግ?» ስላት፣ «ከዚያማ ጀሪካን አንሣና ከጎረቤት ቅዳ፤ ሰውነትህ ሸተተኮ» አለችኝ።

አንድ መጽሐፍ ነበራት። ሽፋኑ ከጊዜ ብዛት ሄዶ፣ የአባቷ ሱቅ በረንዳ ላይ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ በቁራጭ ባለ መስመር ጨርቅ የሸፈነላት አሮጌ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ። ጦርነት ከተነሣበት ከተማ ልጆችን ጭኖ ሲሸሽ በረዶ የያዘው ባቡር ታሪክ ነው። ትልልቆቹ ሰዎች እርዳታ ፍለጋ ወርደው አይመለሱም፤ ልጆቹ ብቻቸውን ይቀራሉ። መጀመሪያ ደስ ይላቸዋል። ይዘፍናሉ፣ በረዶ ይወራወራሉ፣ ዳቦውን እኩል ይካፈላሉ። ዳቦው እያነሰ ሲሄድ ትልቁ ልጅ ሣጥኑ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ አንድ ጧት ዳቦ ይጎድላል፤ ሚሎ የሚባለውን ትንሹን ልጅ «አንተ ነህ የበላኸው» ብለው ከፉርጎው አውጥተው በሩን ይዘጉበታል።

ዘሐራ ይህን መጽሐፍ ዓርብ ዓርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ እያነበበች ወዲያው ወደ አማርኛ ትመልስላቸው ነበር። ልጆቹ የሚያውቁት በረዶ ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው። «ቲቸር፣ ያን ያህል ከወረደማ የዚያ አገር ሰው ጤፍ አለቀለት» ያለ ነበር። የእኔ ክፍል ከጎኗ ስለሆነ ተማሪዎቼ ጆሯቸው ወደ ግድግዳው ይዞራል። መጀመሪያ እቆጣ ነበር። በኋላ እኔም ጠመኔዬን አስቀምጬ አብሬ መስማት ጀመርኩ።

መጽሐፉን ትወደዋለች፤ ከደራሲው ጋር ግን ጠበኛ ናት። «ይሄ ሰውዬ ልጅ አይቶ አያውቅም» አለችኝ አንድ ቀን ሻይ ቤት፣ እንደ ልማዷ ቆማ። «ልጅ ሲርበው ያለቅሳል እንጂ አይፈርድም።»

«ልብ ወለድ እኮ ነው፤ ምን አናደደሽ?»

«ልብ ወለድ ስለሆነማ ነው። የሆነ ነገር ቢሆን ኖሮ አንዴ ሆነ ብዬ እተወው ነበር። ይሄ ግን አስቦበት፣ ቁጭ ብሎ ጻፈው!»

ደራሲውን ለመርታት ያደረገችው ነገር ነው እንግዲህ ጣጣ ያመጣው። የእኛ አገር ልጅ ከአያቱ አፍ አውጫጭኝን ሳይሰማ አያድግም። ድሮ አንድ ነገር ሲሰረቅ የአካባቢው ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱ ተራ በተራ ወደ ሽማግሌዎቹ ቀርቦ የሚጠረጥረውን ስም በጆሯቸው ሹክ ይላል፤ ሌባው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ዘሐራ ይህን ክፍል ውስጥ አስገባችው። «እናንተ ባቡሩ ውስጥ ናችሁ። ዳቦ ጠፍቷል። አውጫጭኝ ተቀመጡና ሚሎ ላይ ፍረዱ» አለቻቸው። ዳኛዋ የክፍሉ አለቃ ማስተዋል ሆነች፤ ስትናገር ወንዶቹ ጭምር ዝም የሚሉላት ጠንካራ ልጅ ናት። ልጆቹ አንድ በአንድ እየቀረቡ በጆሮዋ ሹክ አሉ። በመጨረሻ ማስተዋል ተነሥታ፣ «ማንም አላየም። ያላየነውን ሰው አናወጣም» ብላ ፈረደች።

ዘሐራ የእኔን ክፍል በር በርግዳ ገባች። የኦምን ሕግ እያስተማርኩ ነበር። «ሰማህ? ነጻ አወጡት! የቢቸና ልጆች ነጻ አወጡት!» እጆቿን እያማታች ወጣች፤ ተማሪዎቼ በሳቅ ሞቱ። በኋላ እንደነገረችኝ፣ አንድ ብቻ ጥያቄ ያነሣ ልጅ ነበር። ይበልጣል ይባላል፤ ከአክስቱ ጋር የሚኖር፣ በእንግሊዝኛ ስፔሊንግ ማንም የማይደርስበት፣ ከሰው ጋር ግን ብዙ የማይነጋገር ልጅ።

«ግን ቲቸር፣ እውነት ሚሎ በልቶታል ወይ?»

«ደራሲው በልቶታል ይላል።»

«እና?»

«ይብላዋ! ከዚያስ? ከዚያ በረዶ ላይ ይጣል?»

በዚያው ዓመት የትምህርት ቤቶች የጥያቄና መልስ ውድድር ሞጣ ላይ ተዘጋጀ። የተመረጡትን ልጆች ይዘን የሄድነው እሷና እኔ ነን። ማስተዋልም ይበልጣልም ነበሩበት። ስንመለስ የዘሐራ እናት ለልጆቹ መንገድ ላይ የሚበሉት ብለው ትልቅ ቦርሳ ሙሉ ዳቦ ቆሎ ሰጡን።

ደብረ ወርቅ ሳንደርስ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ አገኘነው። የዚያን ሰሞን አገሩ ታምሶ ነበር፤ ከሩቅ ተኩስ ይሰማል። ሾፌሩ መንገድ ዳር ካለ ትምህርት ቤት ግቢ አወረደንና «ሁኔታውን አይቼ እመጣለሁ» ብሎ ወደ መጣበት አዞረ። አልመጣም። ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፤ ዘበኛው አንድ ክፍል ከፍቶልን ወደ ቤተሰቡ ሄደ። ስልክ አይሠራም። ከአንዱ ልጅ አፍ «እንደ ባቡሩ!» የሚል ሲወጣ ሁሉም ሳቁ። እውነትም በመጀመሪያው ቀን ደስ ብሏቸው ነበር። ኳስ ከጨርቅ ሠርተው ተጫወቱ። ከአቅራቢያው አንዲት እናት ንፍሮ አመጡልን። ዘሐራ ዳቦ ቆሎውን በእፍኝ በእፍኝ ስታድል፣ «የቲቸር እጅ ትንሽ ነው፣ በፊዚክስ ቲቸር እጅ ይሰፈር» ብለው አስቸገሩን፤ እኔ ሰፈርኩ።

በማግስቱ ግን ማንም አልመጣም። ሰው ሁሉ በሩን ዘግቷል፤ ተኩሱም ቀርቧል። ልጆቹ መዝፈን አቆሙ። ማስተዋልን ኃላፊ አድርገን፣ ዘሐራና እኔ ሰው ለመፈለግና ስልኩም የሚይዝ እንደሆነ ለመሞከር ጧት ወደ ጉብታው ወጣን። ስልኬን ወደ ሰማይ እያነሣሁ ስዞር አረፈድኩ፤ ዘሐራ ከአጠገቤ ለደቂቃ አልራቀችም። ይህን የምለው ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ተመልሰን ግቢ ስንደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ዘሐራ ለሶላት ልትታጠብ የውኃዋን ጠርሙስ ይዛ ወደ ሕንፃው ጀርባ ሄደች። እኔ ወደ ፊት ዞርኩ። ልጆቹ ዛፍ ሥር ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ይበልጣል ብቻውን ከግቢው በር አጠገብ ቆሟል። ጫማውና ጃኬቱ ማስተዋል እግር ሥር ናቸው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ማስተዋል ተነሣች። «ቲቸር፣ ዳቦ ቆሎው ከነቦርሳው ጠፋ። አውጫጭኝ ተቀመጥን። ሁሉም ይበልጣልን ጠራ።»

«ማን አየው?»

«ማንም። ግን ሁላችንም የጠራነው እሱን ነው። ከግቢ ይውጣ ብለናል።»

ከግቢው ውጭ ተኩስ ነው። ጮህኩ፤ ተሳደብኩም መሰለኝ። ክፍል ውስጥ ድምፄን ከፍ ሳደርግ ቀልባቸው የሚገፈፍ ልጆች ያን ቀን ፈቅ አላሉም፤ ረጋ ብለው ያዩኛል። «ዳኝነት ነው ቲቸር» አለችኝ ማስተዋል፣ በትሕትና። ፈራኋቸው። ልጆችን ፈርቼ የማውቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

ዘሐራ ከጀርባ መጣች። ፊቷ እርጥብ ነው፤ እጅጌዋ እንደተጠቀለለ ነው። ልጆቹን አየች፤ በሩ ላይ ያለውን ልጅ አየች፤ ጫማውን አየች። ያቺ አንድ ቦታ የማትቆም ሴት ቆመች።

«ልጁን መልሱት» አለች። «ዳቦ ቆሎውን የበላሁት እኔ ነኝ።»

ማስተዋል ራሷን ነቀነቀች። «እሱን ለማዳን ብለው ነው ቲቸር።»

«አይደለም።»

«እንግዲያውስ ይማሉልን።»

ዘሐራን የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ገበያ ውስጥ ዋጋ ስትከራከር እንኳ ወላሂ ብላ አታውቅም። ሻጩ «ወላሂ በይ» ሲላት «የፈጣሪን ስም ለቲማቲም አላወጣም» ብላ ጥላ የምትሄድ ሰው ናት። የተጠቀለለውን እጅጌዋን ወደ ታች ሳበች።

«ወላሂ» አለች። «ወላሂ እኔ ነኝ።»

አንዲት ልጅ «ለእኛ የተሰጠውን?» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ማስተዋል አላለቀሰችም። ጫማውንና ጃኬቱን አንሥታ ይበልጣል ፊት ወረወረችለትና ለዘሐራ ጀርባዋን ሰጠች። ከዚያች ሰዓት በኋላ ከዘሐራ እጅ ውኃ እንኳ የተቀበለ ልጅ የለም።

ወደ ጎን ሳብኳት። «ምን ነካሽ? አብረን አልነበርንም እንዴ?»

«ዝም በል። ለማንም እንዳትናገር።»

«ስምሽ ይጠፋል እኮ!»

«እኔ ትልቅ ሰው ነኝ። ስሜ ቢጠፋ ሌላ ቦታ ሄጄ አስተምራለሁ። ጓደኛቸውን ከበር ያወጡ ልጆች ግን የት ይሄዳሉ?»

በማግስቱ መንገዱ ተከፈተና እህል የጫነ አይሱዙ ከላይ አሳፈረን። ልጆቹ ከወዲያ ጫፍ፣ እኛ ከወዲህ። ዘሐራ ጆንያ ላይ ቁጭ ብላ፣ እግሯ ሳይንቀሳቀስ፣ ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ «ያ ደራሲ ልጅ ያውቃል ለካ» አለች። ላስቃት ብዬ «ከዚያስ?» አልኳት። ሻርፗን ፊቷ ላይ ሳበች። ያን ቀን እንደ እሷ የተጎዳ ሰው አላየሁም፤ ምንም ላደርግላት አለመቻሌ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ወሬው ቢቸና ቀድሞን የገባ ይመስል ነበር። ወላጅ መጣ፤ ርእሰ መምህሩ ጠሯት። «እውነት ነው?» ሲሏት «አዎ፣ በላሁ» ብላ ወጣች። በዚያው ሰሞን ረመዳን ሳይሆን ጾም ያዘች። ኀፍረት ምግብ ከልክሏት መስሎኝ ነበር፤ በሐሰት ለማለችው መሐላ ማካካሻ መሆኑ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። ዓርብ ሲደርስ ያንን በጨርቅ የተሸፈነ መጽሐፍ ይዛ ክፍል ገባች። የቀረው የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ሰማሁ። ከኋላ አንዱ «ዳቦ» ብሎ አሾፈ፤ ሳቁ። እሷ አላቋረጠችም። በበረዶው ውስጥ ልጆቹን ያገኟቸው ሰዎች «ስንት ናችሁ?» ብለው ሲጠይቁና ማንም መልስ ሳይሰጥ ሲቀር፣ እዚያ ድረስ አነበበችላቸው። ክረምት ላይ ዝውውር ጠይቃ ወደ ሞጣ ተመለሰች።

ለቅሶው ላይ ለመድረስ በማለዳ ሚኒባስ ያዝኩ። ማስተዋልም እዚያው መኪና ውስጥ ተገናኘችኝ። አሁን ቢቸና ላይ መድኃኒት ቤት አላት፤ ባለ ትዳርና የልጆች እናት ናት። ያንን ግቢ ስናልፍ በመስኮቱ አየችው፤ እኔም አየሁት። ሞጣ ስንደርስ የዘሐራ ወንድም ከቢቸና የመጣነውን በሙሉ አንድ ምንጣፍ ላይ አስቀመጠን። ይበልጣል ቀድሞን መጥቶ ነበር። ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ደጀን ላይ ጋራዥ ውስጥ እንደሚሠራ ነገረኝ።

ሰው ስለ ሟቿ ጥቂት ጥቂት ሲያነሣ ማስተዋል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቲቸር ያን ጊዜ ርቧቸው ነበር» አለች። «ልጅ ስለነበርኩ አልገባኝም። አሁን እኔም እናት ነኝ። ይቅር ብያቸዋለሁ።»

ይቅር ብያቸዋለሁ! ደሜ ፈላ። ዝም በል ያለችኝ ሴት ከመሬት በታች ናት፤ ቃሌ ግን አለ። ቃሌን አፍርሼ አፌን ልከፍት ስል ይበልጣል ቀደመኝና ተነሥቶ ቆመ።

«ቲቸር አልበሉም» አለ። «የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

የዘሐራ ወንድም ውኃ ይዞ እንደመጣ በሩ ላይ ቀረ።

«ፈራሁ። ሾፌሩ ሲቀር፣ እንደ መጽሐፉ ማንም የማይመጣ መሰለኝ። ለነገ ብዬ ከሕንፃው ጀርባ ቀበርኩት። አንዲት ፍሬ አልበላሁም። አውጫጭኙ ሲጀመር መነሣት አልቻልኩም። የቦርሳው ማንገቻ ከአፈሩ ወጥቶ ነበር፤ የጫማዬም ዱካ ላዩ ላይ ታትሟል፤ ቲቸር ለሶላት የታጠቡት እዚያው አጠገብ ነው።» ወደ ወንድሟ ዞረ። «ኋላ ሄጄ ነገርኳቸው። ‹አውቃለሁ፣ አይቼዋለሁ› አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉኝም።»

ይህን ሁሉ ዓመት ዘሐራ የማለችው ለንጹሕ ልጅ ነው ብዬ ነበር የማምነው። ለካ እያወቀች ነው። እጇ እርጥብ ሆኖ ከጀርባ መጥታ ያንን ጫማ ስታይ፣ ልጆቹ የጠሩት ስም ትክክል እንደሆነ አውቃ ነበር።

ሁሉም ወደ ማስተዋል ዞረ። ማንም ሳይነግረው፣ እንደ ድሮው። ይበልጣል ምንጣፉ ላይ ባዶ እግሩን ቆሟል፤ ጫማችንን ሁላችንም በሩ ላይ አውልቀናል። የሚለው ሲያልቅበት ጎንበስ ብሎ በዓይኑ ጫማውን መፈለግ ጀመረ።

ማስተዋል ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። ከተቀመጠችበት ወደ እኔ ጠጋ ብላ ከጎኗ ቦታ ለቀቀችና ምንጣፉን በእጇ መታ መታ አደረገችለት።

«ከዚያስ?» አለችው።